በስልክ የቆሙ ሽማግሌዎች

ይቅርታ መጠየቅ ድሮ እግር ያደክም ነበር፤ ዛሬ የሚደክመው አውራ ጣት ነው። ድሮ ሰው በድሎ የተጸጸተ እንደሆነ በማለዳ ተነስቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ የተበዳዩ በር ላይ ይቆማል። ውሻ ይጮህበታል፣ የሰፈር ልጅ ይሰበሰብበታል፣ ያቺ ሁሉን ካላወቅኩ የምትል ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ ታየዋለች። ውርደቱ ራሱ የይቅርታው ግማሽ ነበር። ዛሬስ? ዛሬ ሰውየው አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ «ይቅርታ» ብሎ ይልክላችኋል። ከጎኗም ሁለት እጆች የተጋጠሙባትን ምስል ይለጥፍባታል፤ ልመና ትሁን፣ ጸሎት ትሁን፣ ጭብጨባ ትሁን እስከዛሬ አልገባኝም። ደግሞ አሉላችሁ፣ የጽጌረዳ ሥዕል ላይ «መልካም ሰኞ» የሚል ልከው ታረቅን ብለው የሚያድሩ። እነሱን ለፈጣሪ ትቻቸዋለሁ።

ይህን የምላችሁ ስለ ይቅርታ የማውቅ አዋቂ ሆኜ አይደለም። እኔ የማውቀው ኩርፊያን ነው። መርሳ መጥታችሁ «ሞላ ቆርቆሮ» ብትሉ፣ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጠውን፣ ፊቱም ከሚሸጠው ዕቃ ብዙ የማይለየውን ሰውዬ ያሳዩአችኋል። «ያኮረፈ ምሳው ራት ይሆነዋል» ይባል የለ? የኔ ቁርስም ራት ሆኖ ያውቃል። ባለቤቴ ዘውዴ «አንተ እኮ ስትናደድ አትጮህም፤ እንደ ሱቅህ ዝግት ነው የምትለው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ለዚህ ዓይነቱ በሽታ በኛ አገር የታወቀ መድኃኒት አለ፤ ሽማግሌ። ሽማግሌ ደግሞ ሲመጣ አይቀመጥም። «አረፍ በሉ እንጂ» ትላላችሁ፤ «የመጣንበትን እሺ ሳትለን አንቀመጥም» ይላሉ። ወንበር ታቀርባላችሁ፣ ወንበሩን እንዳላዩ ያልፉታል። ከዚያ በኋላ ብልሃቱ ሁሉ ጉልበታቸው ላይ ነው። አባት የሚሆኗችሁ ሰዎች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ፊታችሁ ቆመው፣ አንዱ ወገቡን ሲይዝ ሌላው እሱን ተደግፎ ሲቃትት፣ እምቢ የሚል አንጀት ያለው ማን ነው? እኔ እንኳ፣ እኔ ሞላ ቆርቆሮ፣ ሻይ እስኪፈላ ድረስ ችዬ አላውቅም። ይህችን የሽማግሌ መቆም ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ሰይድ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ነው። ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ ሰማያዊ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ለፋሲካ የራሱን በግ ራሱ ባርኮ አርዶ እኔ ግቢ ይበላል፤ ለኢድ ደግሞ እኔ እሱ ግቢ የራሴን እበላለሁ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ስንጨቃጨቅ እንከርማለን። እሱ አፉ ፈጣን ነው፣ እኔ ኩርፊያዬ ፈጣን ነው፤ እንዲያው እግዜር ሲያገናኝ።

ጦርነቱ ከወልድያ በኩል ድምፁን ማሰማት የጀመረ ሰሞን፣ ከሲሪንቃ አቅጣጫ ሰው በእግሩ ይጎርፍ ጀመር። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ በሬውን የሚነዳ አለ፣ ባዶ እጁን የሚሮጥ አለ። እኔ መራመድ ብችልም የዘውዴ እናት፣ እማማ ጥሩ፣ ከግቢው በር የሚያልፍ ጉልበት የላቸውም። ያለ መኪና መውጣት አንችልም። ሰይድ ሚኒባሱ ላይ ልጆቹንና እናቱን ጭኖ፣ ጎረቤቱን ጠቅጥቆ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ፣

«ሞልዬ፣ እነዚህን ውርጌሳ ላራግፍና እመለሳለሁ። ጓዝህን አስረህ በር ላይ ጠብቀኝ» አለኝ።

«እንዳትቀር።»

«ወላሂ አልቀርም!»

ጠበቅን። ጓዛችንን አስረን፣ በሩ ላይ ከምረን፣ እላዩ ላይ ተቀመጥን። መኪና ሁሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል እንጂ ከደቡብ የሚመጣ የለም። እማማ ጥሩ በየመሀሉ «ያ ልጅ አይቀርም፣ እናቱን አውቃታለሁ» ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ዘውዴ ጓዙን ትፈታ ጀመር። ያኔ ነው ያኮረፍኩት። የዚያን ዕለቱን ዓይነት ኩርፊያ በዕድሜዬ አኩርፌ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ከተማው ተይዞ፣ ስልክ ያለው ሰው ጥያቄ ይበዛበት ስለነበር፣ ስልኬን በላስቲክ ጠቅልዬ ማሽላ ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት። ሱቄን ዘግቼ፣ ማሽላ ቆርጥሜ፣ ሰይድን እየረገምኩ እውላለሁ። ደህና ሥራ ነበር፤ ቀኑን ይገፋል። ሰው በክፉ ቀን የሚረግመው ጎረቤት ቢኖረው ምንኛ እንደሚጠቅም እኔን ጠይቁኝ።

ይህም አልበረከተልኝም። አንድ ቀን ከግራና ገበያ የተመለሰ ነጋዴ፣ ከውርጌሳ ወዲህ መንገድ ዳር የተቃጠለ ሚኒባስ ቆሟል ብሎ አወራ።

«ቀለሙ ሰማያዊ ነው?» አልኩት።

«የተቃጠለ ነገር ምን ቀለም አለው ብለህ ነው፣ አያ ሞላ?»

ቤቴ ገባሁ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ የሞተን ሰው ማኩረፍ እንዴት ይቻላል? ኩርፊያ እኮ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይዘጋል፣ ሌላው ያንኳኳል። የሚያንኳኳው ከሌለ መዝጋት ለማን ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ተለወጠ። «ጌታዬ፣ አንተ በሕይወት ብቻ አቆይልኝ፤ የቀረውን እኔና እሱ እንነጋገራለን» እያልኩ ከረምኩ። ፈራሁ። ሰይድን ማጣት ይህን ያህል እንደምፈራ አላውቅም ነበር።

ወራት አለፉ፤ ጦርነቱ ከኛ ራቅ አለ። ከዚያም «ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ኔትወርክ ይመጣል» ተብሎ ተወራ። ስልኬን ከማሽላው አወጣሁት፤ ላስቲኩን አልፎ በየቀዳዳው የማሽላ ብናኝ ገብቶበታል። በጄኔሬተር ቻርጅ አስደርጌ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ከኔ በፊት ግማሽ መርሳ ወጥቶ ኖሯል። ሁሉም ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል። እዚህ አንዷ እልል ትላለች፣ እዚያ አንዱ ኩርምት ብሎ ያለቅሳል። የኔዋም እጄ ላይ ተንዘፈዘፈች። ቆመች ስል እንደገና። ሁሉም ከሰይድ የመጣ መልእክት ነው።

የመጀመሪያዋ አጭር ናት፤ «ሞልዬ፣ መንገድ ዘጉብኝ። አፉ በለኝ።» ይቅር በለኝ ማለቱ ነው። ቀጥላ ያለችው ረጅም ናት። ሰዎቹን ውርጌሳ አራግፎ መኪናዋን አዙሮ ወደኛ ሲመጣ፣ ኬላ ላይ እንዳያልፍ ከለከሉት። ወርዶ እየለመነ ሳለ ተኩስ በረታ፤ መኪናዋ ተመታች፤ እሱ ወርዶ ስለነበር ተረፈ። ነጋዴው ያያት እሷን ኖሯል። ሰውየው ለኔ ብሎ ሲመለስ እንጀራውን አቃጥሏል፤ መልእክቱን የሚጨርሰው ግን «ቃሌን አልጠበቅኩም፣ አፉ በለኝ» ብሎ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ከዚያ በኋላ ያሉት «አፉ በለኝ»፣ «ሞላ አፉ በለኝ»፣ «አለህ?» ናቸው። በመሀል አንዷ ተቆጥታ መጣች፤ «ኔትወርክ የለም ይሉኛል። እኔ ግን አንተን አውቅሃለሁ። ኔትወርክ ቢኖርም አትመልስም ነበር፣ አንተ አኩራፊ!» ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረው ሰው «ዘመድ ተገኘልህ?» አለኝ። «ተገኘ» አልኩት።

ቀጥሎ የድምፅ መልእክት ነው። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«አሰላሙ አለይኩም ሞላ። ሼህ ሙህዬ ነኝ» ይላል። ሼህ ሙህዬን መርሳ የማያውቃቸው የለም፤ ስንቱን የተጣላ አስታርቀዋል፤ እኔንም ደጋግመው። «ደሴ ነው ያለነው። ከጎኔ የሰፈራችን መሪጌታ አሉ፤ ከሲሪንቃ ጋሽ በላይም አሉ። ሰይድ አጥፍቻለሁ ብሎ እግራችን ላይ ወድቋል። በስልክም ቢሆን ሽምግልና ሽምግልና ነው። ይኸው ሦስታችንም ቆመናል። እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

ከዚያ መሪጌታው በሹክሹክታ «መቼ ነው የሚመልሰው?» ሲሉ ይሰማል።

«ኔትወርክ የለም እኮ አባ» ይላል ሰይድ።

«ታዲያ እስከዚያ?»

ሼህ ሙህዬ ጣልቃ ገቡ፤ «እስከዚያማ መቆም ነው እንጂ! ጀምረነው?» ድምፁ እዚህ ላይ ተቋረጠ።

እንባዬና ሳቄ ተደባለቁ። አስቡት፤ እኔ መርሳ ማሽላ ስቆረጥም፣ ሦስት አዛውንት ደሴ ውስጥ ለኔ ኩርፊያ ቆመዋል። በማግስቱም «ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው» የምትል አለች። ከሳምንትም በኋላ «አሁንም አልተቀመጡም» የምትል አለች። እርግጥ በመሀል ተኝተዋል፣ በልተዋል፣ ሰግደዋል፤ በሕጉ ግን ቆመዋል።

የመጨረሻዋ ጋ ስደርስ ሳቄ ጠፋ። «ከደሴም ልንነሳ ነው። ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም። መሪጌታና ጋሽ በላይ በሌላ መኪና ሄዱ፤ ሼህ ሙህዬ ከኔ ጋር ናቸው። እሺ በለን ሞልዬ።» ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ቀኑን አየሁት፤ ወር አልፎታል። ከስሙ ሥር ደግሞ ስልኩ «ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል» ይላል። ይህችን ቃል የጻፋት ሰው ጦርነት አያውቅም።

«ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁ። መምህር ደብተር ላይ እንደሚያደርጋት ዓይነት አንዲት ራይት ወጣች። አንድ ራይት ማለት ሄዷል፣ አልታየም ማለት ነው፤ ሁለት ስትሆን ነው የታየው። ጠበቅኩ። አንድ። «አፉ ብዬሃለሁ» አልኩ። አንድ። ስደውል ዝግ ነው። ሰው ሁሉ ከጉብታው ሲወርድ እኔም ወረድኩ፤ በማግስቱ ተመልሼ ወጣሁ። «ሰይድ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ረግሜሃለሁ» ብዬ ላክሁ። አንድ። «አለህ?» አልኩ። አንድ። ዘውዴ «አሁን ለማኙ ማን ሆነ?» አለችኝ፤ ግን እየሳቀች አልነበረም። ለሷም ጎረቤቷ ነው። እማማ ጥሩ ብቻ «ያ ልጅ አይቀርም» ማለታቸውን አልተዉም።

ጉብታውን ተመላለስኩበት። የሚወጣው ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ ያገኘ አግኝቷል፣ ያጣም ቁርጡን አውቋል። እኔ አውራ ጣቴ እስኪቆስል ይቅርታ እየላክሁ፣ ያቺን አንዲት ራይት እያየሁ ተቀመጥኩ። በአውራ ጣት ይቅርታ ላይ ያን ሁሉ ያላገጥኩት ሰውዬ እኔ ነኝ እንግዲህ።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ስልኬን ወደ ኪሴ ልመልስ ስል፣ ራይቷ ሁለት ሆነች። ከላይ ያለችውም ሁለት ሆነች። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆኑ። ስልኩ «እየጻፈ ነው» ይላል፤ ይቆማል፤ እንደገና «እየጻፈ ነው» ይላል። ብሎ ብሎ መጣ፤

«ስልኬ ሽሽት ላይ ተሰብሮ ዛሬ ገና ተጠገነ። ስከፍተው የላክሁልህ ሁሉ ሁለት ራይት ሆኗል። አለህ ማለት ነው። አልሃምዱሊላህ። አልሃምዱሊላህ።»

እኔ ምን ልበል፤ እዚያ ጉብታ ላይ ብቻዬን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። የመርሳ ሰው ሞላ ቆርቆሮ ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አላየም፤ እናንተም ለማንም አትንገሩ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ሳልጨርስ ሌላ መጣ።

«ሼህ ሙህዬን ‹ይቀመጡ› ብሏል ስላቸው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን እያሻሹ ነው። አንተ ሰው፣ ግን እስከዛሬ ለምን አስቆምካቸው?»

ወሬው ይኸው ነው። የተበደልኩት እኔ፣ ጓዜን አስሬ በር ላይ የቀረሁት እኔ፣ ያኮረፍኩት እኔ። አውራ ጣቴን አነሳሁና «ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩለት። ከጎኗም ያችን ሁለት እጆች የተጋጠሙባትን ምስል ለጠፍኩባት።

ወዲያው ሁለት ራይት ሆነች።