የታምራት ትዕግሥት

እጅ ከወርች የታሰረ ሰው ታጋሽ ይባላል? መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ጥያቄውን ያመጣብኝ የቁስቋሙ ጎረቤቴ ታምራት ነው።

ታምራት በስልኩ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ይነግዳል። ዋጋው ሲወጣ ሮጦ ይገዛል፤ ሲወርድ እየጮኸ ይሸጣል። እንቅልፍ ሲያጣ የንስሐ አባቱ "ስልክህን ትተህ እንጦጦ ጠበል ግባ" አሉት። የገዛውን ሳይሸጥ ስልኩን ዘግቶ እኔ ዘንድ አኖረው። እሱ ሲጠመቅ ታዲያ ዋጋው ተንኮታኩቶ ወርዶ፣ ተመልሶ ጣሪያ ነክቶ ኖሯል።

ሲመለስ ትርፉን አይቶ ዘለለ። ከዚያ ወዲያ መምህር ሆነላችኋ!

"እትዬ፣ ንግድ ማለት ጠባይ ነው። ሲወድቅ ፍንክች አላልኩም!" ይለኛል።

እንዴት ፍንክች ይበል? ስልኩ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ እሱ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር! ስሕተት ማረም እወዳለሁ፤ የሰው ደስታ ማረም ግን ከበደኝ።

አንድ ቀን ግን "ለትዕግሥቴ ካፒታል ያስፈልጋል" ብሎ የሚስቱን ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ይዞ መጣ። ያን ቀን ለሚስቱ ለአልማዝ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። የቤታቸው በር ላይ ቆማ ለታምራት እጇን ዘረጋችለት።

"ፍሪጁ ፍንክች አይልም! አንተ ግን ስልኩን ስጠኝና ወደ ጠበልህ!"