ከላም ሆድ የወጡ ድርጅቶች

ሰውን ማሳፈር ቀላል ነው። ጎረቤታችሁ ጥራጊውን ደጃችሁ ላይ ቢደፋ፣ በማግስቱ ከወትሮው ትንሽ ጮክ አድርጋችሁ «እንዴት አደርህ!» ትሉታላችሁ። ቅንጣት ይሉኝታ ካለው አንገቱን ደፍቶ መጥረጊያ ያነሣል። ድርጅትን ግን በምን ታሳፍሩታላችሁ? ጉንጭ የለው አይቀላ፣ አንገት የለው አይደፋ። ደጁ ላይ ቆማችሁ ብትጮኹ የሚወጣው ጥበቃው ነው፤ እሱም እንደ እናንተው ምስኪን ነው። ወደ ውስጥ ብትዘልቁ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላችኋለች። ከብዙ ዘመን ልምድ እንደተረዳሁት፣ ድርጅት ማለት ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ማለት ነው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። እዚሁ ጎንደር ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ከተማዋ ቆሻሻ የመቀነስ ዘመቻ ስትጀምር «ድርጅቶችን የሚያስተባብር ኮሚቴ» ተቋቋመና ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። ለምን እንደተመረጥሁ ልንገራችሁ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ እስክርቢቶ ይዤ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ጻፍሁ። ለሆቴሉም፣ ለፋርማሲውም፣ ለዳቦ ቤቱም፣ ለነጋዴዎችም፣ ማኅተም ላለው ሁሉ ጻፍሁ። መልስ አልነፈጉኝም። አንዱ «ዓላማውን ከልብ እንደግፋለን» አለ። ሌላው «ተወካይ እንልካለን» አለ። «እኛው ከምናወጣው ቆሻሻ ይህችን እንቀንሳለን» ያለ ግን አንድም አልነበረም። ቆሻሻ ምንጊዜም የሌላ ሰው ነው።

የዘመቻው ዕለት አራዳ ላይ ተሰበሰብን። ኮፍያው አዲስ፣ ቲሸርቱ አዲስ፣ መጥረጊያው ሳይቀር አዲስ። ፎቶ እስክንነሣ ድረስ በደንብ ጠረግን፤ ከተነሣን በኋላ የታሸገ ውኃ ታደለን፤ ጠጥተን ተመራርቀን ተበተንን። በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ የጽዳት ሠራተኞቹ እኛ የጠጣንባቸውን ፕላስቲኮች እየለቀሙ በጆንያ ሲሞሉ አገኘኋቸው። አንዷ አወቀችኝና ፈገግ አለች። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

አሁን ወደ ሠፈሬ ልውሰዳችሁ። የምኖረው ቁስቋም ነው። ጎረቤቴ ይርገዱ ትባላለች፤ ከወገራ የመጣች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት ላም ወተት ሁለት ሴት ልጆች የምታስተምር ሴት ናት። ላሚቱ ዳማ ነው ስሟ። የእኔም ልጆች በዳማ ወተት ነው ያደጉት፤ ስለዚህ ዳማን ላም ብሎ ማለፍ ለእኔ ትንሽ ድፍረት ነው፣ ዘመድ ናት።

ዳማ እንደ ከተማ ላም ሁሉ ቀኑን በየመንገዱ ስትዞር ትውላለች። ከተማ ውስጥ ሣር ከየት ይመጣል? ከሆቴሉ ጓሮ የድንች ልጣጭ ይጣላል፣ ከዳቦ ቤቱ የደረቀ ዳቦ ይጣላል። የሚጣለው ደግሞ በፌስታል ተቋጥሮ ነው። ላም ቋጠሮ አትፈታ! ከነፌስታሉ ትውጠዋለች። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት የተተረተው ገደሉ በፌስታል ተቋጥሮ መምጣት ከመጀመሩ በፊት ነው።

አንድ ማለዳ ይርገዱ ደጄን መታች።

«አያ ፈንታሁን፣ ዳማ ሦስት ቀኗ እህል ውኃ አትል። ጠበል አጠጣኋት፣ ጨው አስላስኋት፣ ምንም። ምነው እንዲህ ሆነችብኝ?»

ሄጄ አየኋት። ዓይኗ ፈዟል፣ ግራ ጎኗ ሲነኩት እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ለምናውቃት አንዲት የእንስሳት ሐኪም ደወልሁ፤ ወጣት ናት፣ ግን ነገር አታድበሰብስም። ዳበሰቻት፣ አዳመጠቻትና ወደ ይርገዱ ዞረች።

«ሆዷ ውስጥ የማይፈጭ ነገር አለ። ካልከፈትናት አትቆይም። ብንከፍታትም ትድናለች ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

ይርገዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለስንት ድርጅት ደብዳቤ የጻፈ እጄ እንኳ ትከሻዋ ላይ ለማረፍ ፈራ።

«ክፈቻት» አለች በመጨረሻ። «እኔ ግን አላይም።»

አላይም ያለችው ሴት የዳማን ጭንቅላት በሁለት እጇ አቅፋ፣ ጆሮዋ ሥር «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ የእኔ ሸጋ» እያለች እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀችም። ዳማ ቆማ ነው የተከፈተችው። ሐኪሟ ጎኗን ላጨች፣ ማደንዘዣ ወጋች፣ ቀደደች፣ ከዚያ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። እኔ ገመድ ያዥ ነበርሁ፤ እውነቱን ለመናገር ገመዱ ነው እኔን የያዘኝ። አንድ ፌስታል ወጣ። ሌላ ፌስታል ወጣ። እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ገመድ የተፈተለ ፌስታል፣ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ፣ እንደገና ፌስታል። ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እስከ አፉ ሞላ።

ሐኪሟ ሰፍታ ጨርሳ «እንግዲህ ካመነዠከች ተርፋለች» ብላን ሄደች።

እንግዲህ ጠበቅን። ሁለት ቀን ሙሉ ሠፈርተኛው የይርገዱን ደጅ ሲረግጥ «አመነዠከች ወይ?» እያለ ነበር። ይርገዱ ሥራ ካልያዘች ልታብድ ሆነ፤ ሳፋውን ጎትታ ያንን ሁሉ ፌስታል አንድ በአንድ ታጥብ ጀመር። ምን ያደርግልሻል ብላት፣ «ላሜን የጎዳውን ልወቀው እንጂ» አለችኝ። እያጠበች አጥሩ ላይ እንደ ልብስ አሰጣችው። ማንበብ ስለማትችል በላዩ ላይ የታተመውን እኔ አነብላታለሁ።

«ይሄኛው?»

«የሆቴሉ ስም ነው።»

«ይሄስ?»

«ፋርማሲው። ‹ጤናዎ ደስታችን ነው› ይላል።»

«ይሄ አረንጓዴውስ? ይሄ እንኳ ሸጋ ነው፣ ፊደሉም አልለቀቀ።»

አረንጓዴውን ተቀብዬ አየሁት። የቆሻሻ ቅነሳ ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይላል፤ ከሥሩ የመሥሪያ ቤቴ ስም። ከዘመቻው በፊት ባሰናዳነው ሥልጠና ላይ ደብተርና እስክርቢቶ ያደልንበት የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ጽሑፉን ያረምሁት ራሴ ነኝ። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም።

«ምነው ዝም አሉ?»

«ይሄ… የእኛ ነው» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎም?» አለች። አልተቆጣችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገች። እኔ ግን በዚያች ቃል የተነሣ ራት አልበላልኝ አለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የይርገዱ እልልታ ሠፈሩን ቀሰቀሰው። ዳማ አመነዠከች። ነጠላዬን አጣፍቼ ስሮጥ ሄጄ አየሁ፤ መንጋጋዋ ቀስ እያለ፣ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያማረ ማኘክ ግን አላየሁም።

እልልታው ሲበርድ ይርገዱ «ያ የቆሻሻ ኮሚቴ ስብሰባችሁ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀኑን ነገርኋት። ትመጣለች ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

በስብሰባው ዕለት የዘመቻውን ስኬት በመገምገም ላይ ነበርን፤ ስኬቱ ከፍተኛ ነበር። በሩ ተከፈተና ይርገዱ ሳፋዋን ወገቧ ላይ አድርጋ ገባች። ጥበቃው ያልከለከላት የወተት ደንበኛዋ ስለሆነ ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ በታሸጉት ውኃዎች መካከል፣ ሳፋውን አስቀመጠች።

«ከላሜ ሆድ የወጣ ነው» አለች። «እኔ ማንበብ አልችልም። ስማችሁ ተጽፎበታል አሉኝ። ስም ያለው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የየራሳችሁን ውሰዱ።»

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አንገቱን አስግጎ አየና «ይህ እንኳ የድሮው ዓርማችን ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረው አስተዳደር ነው» አለ። የፋርማሲዋ ባለቤት መነጽሯን አወለቀች፤ ሳታይ ማለፍ የፈለገች ይመስላል። እኔም አረንጓዴውን አንሥቼ ኪሴ ከተትሁት። ኪሴ እርጥብ ሆነ።

ያን ጊዜ ሐጂ ኑርሁሴን ተነሡ። ሐጂ የነጋዴዎች ተወካይ ናቸው፤ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ አራዳ ላይ የነገዱ፣ ለከተማው ድርጅት ሁሉ ከረጢት የሚያሳትሙ ሽማግሌ።

«ምን ትጨቃጨቃላችሁ?» አሉ። «በየስማችሁ አሳትሜ የሸጥሁላችሁ እኔ ነኝ። ሁሉም የእኔ ነው።» ወደ ይርገዱ ዞረው «ልጄ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሉና ሳፋውን በገዛ እጃቸው አነሡት። ማታውኑ ለዳማ አንድ ኩንታል ፋጉሎ አሸክመው ቁስቋም ድረስ መጡ። ዳማም ይቅር አለቻቸው፤ ፋጉሎ ለቀረበለት ይቅርታ ይቀለዋል።

አንድ ሰው ካፈረ ሌላውም ቀስ በቀስ ያፍራል። ሆቴሉ ልጣጩን በባልዲ እየለየ ከብት ላላቸው መስጠት ጀመረ። ፋርማሲዋ መድኃኒቱን በወረቀት ፖስታ ትሰጣለች። ሐጂም አሁን አዋጭ ሆኖ ያገኙት የጨርቅ ቦርሳ ነው፤ የሚሰፉት የይርገዱ ጎረቤቶች ናቸው። በደብዳቤ ያልተንቀሳቀሰ ሁሉ በአንድ ሳፋ ተንቀሳቀሰ።

እዚህ ላይ ባበቃሁና በተመሰጋገንን! ግን ልደብቃችሁ አልችልም። ከጥቂት ወራት በኋላ አለቃዬ ጠሩኝና ሌላ ሥልጠና እንዳለ ነገሩኝ። «ሐጂ ዘንድ ሂድና እንደ ባለፈው ከረጢት እዘዝ። ብቻ» አሉኝ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር።»

አለቃ ነው፣ ሄድሁ። ሐጂ ትእዛዙን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፈንታሁን» አሉኝ፣ «ላሚቱ ማንበብ ጀመረች እንዴ?»

ወረቀቱን አጣጥፌ ተመለስሁና ለአለቃዬ ሐጂ ከረጢት ማሳተም እንዳቆሙ ነገርኋቸው። ትንሽ ዋሽቻለሁ። ሥልጠናው ግን በቀኑ ተካሄደ፤ ሠልጣኞቹ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ፣ በብብታቸው ይዘው ወጡ። እስከማውቀው ድረስ በዚህ ምክንያት የሞተ የለም።