አንብቦ የማይጨርስ ባለሙያ

የኮምፒውተሩን መልእክት አንብቦ ሳይጨርስ «ተበላሽቷል» የሚል ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ገጥሞኛል። የመሬት መዝገቡ ዳታቤዝ አልነሳ ብሎ፣ አብሬያቸው የመጣሁት ጎረቤቴ እትየ ዘሀራ ለከሰዓቱ ችሎት የይዞታ ማስረጃ አጥተው ቢሮው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ያለ እሱ መሬታቸው መሄዱ ነው።

«ጋሼ፣ ሚሞሪ ከደሴ ካልተገዛ አይሠራም» አለኝ ባለሙያው።

«እስኪ መጨረሻውን አንብበው።»

እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ብቻዬን የተማርኩ ሰው ነኝና እኔው አነበብኩለት፦ «የተጠየቀው የጋራ ሚሞሪ ከተፈቀደው ይበልጣል፤ ጣሪያውን ከፍ አድርጉ።» ለካ ሚሞሪው እዚያው አለ፤ የጎደለው ፈቃድ ነው። ጣሪያውን የምትወስነውን አንዲት ቁጥር ቀየርን፤ ዳታቤዙ ተነሳ። እትየ ዘሀራም ማስረጃቸውን ይዘው ወደ ችሎት ገሰገሱ።

ያስደነቀኝ ጉብዝናዬ አይደለም፤ እሱን ለምጀዋለሁ። በስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ፤ እምቢ ሲለኝ የጎደለውን ቁልጭ አድርጎ የነገረኝ ግን ይህ ማሽን ብቻ ነው።