ራሱን በር ላይ ያስቀረው ባለሙያ

አንባቢ ሆይ፣ በሰው ስህተት ቀንተህ ታውቃለህ? እኔ ቀንቻለሁ። ሲሳሳት እንኳ ክብር የሚጨመርለት ዓይነት ሰው አለ። ሰኢድ ደሴ ከተማ ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ እኔ ዜና ጸሐፊ። አሥራ አንድ ዓመት ስም ሳላዛባ፣ ቁጥር ሳላሳስት ስጽፍ ማን ዞር ብሎ አይቶኝ!

አንድ ጠዋት ሰኢድ ደሴ ቢሮው ተቀምጦ፣ ከርቀት፣ የኮምቦልቻ ቅርንጫፋችንን ፋየርዎል፣ ማለትም በኔትወርክ የሚገባውን ሁሉ የሚፈትሸውን የሊኑክስ ማሽን፣ ያስተካክላል። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች በተራ ይነበባሉ፤ ቀድሞ የገጠመው ይፈርዳል። እሱ «ማንም አይግባ» የሚለውን ከላይ፣ «እኔ ልግባ» የሚለውን ከታች ጻፈ። ወዲያው ተቆለፈበት። ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ ማሽኑን በእጁ መክፈት ግድ ሆነበት።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ለዓመቱ ምስጉን ሠራተኛነት የታጨነው እሱና እኔ ነበርን። በግምገማው ላይ እጄን አወጣሁ።

«ሰኢድ ራሱን ውጭ ቆልፏል» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ይመር ወደ ሰኢድ ዞሩ። «አንተንም አላስገባም?»

«እኔንም አላስገባም። ጥፋቴ ነው፣ አቶ ይመር።»

«የሠራኸውን አንተን? ወላሂ፣ ጥበቃ ማለት ይኼ ነው! የእኛ ዘበኛ እኮ የአገሩን የሐርቡን ልጅ ሲያይ ሳይፈትሽ ነው የሚያሳልፈው!»

ቤቱ አጨበጨበ። ሰኢድ ተሸለመ፤ ዜናውን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ።

«ባለሙያው ራሱን ሳይቀር የሚከለክል ጥበቃ ዘርግቷል» ብዬ ጻፍኩ። ከእውነት ፈቀቅ አላልኩም። አቶ ይመር አንብበው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «ጥሩ ሠራተኛ ስታገኝ አንተም ጥሩ ትጽፋለህ።»