አሥራ ስምንት ገጽ የቀረው የክረምት መጽሐፍ

የሰው ልጅ ከንባብ የሚደርስበትን ጉዳት አስቀድሞ በመከላከል ረገድ ትምህርት ቤታችን ያስመዘገበው ውጤት በጽሑፍ ሳይቀመጥ ቢቀር፣ ነገ ከነገ ወዲያ የታሪክ ተወቃሾች እንሆናለን። ስለዚህ እኔ፣ የአንዲት ሰባተኛ ክፍል ተማሪ አያትና የወላጆች ተወካይ፣ ጉልበቴን እያመመኝም ቢሆን ብዕር አንሥቻለሁ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት ሥራውን ከልቡ የሠራው ማን እንደሆነ መናገር ራስን ማመስገን ስለሚሆን እተወዋለሁ። እኔ ነኝ።

የኮሚቴው ተልእኮ ግልጽ ነበር። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለቱ የክረምት ዕረፍት ወራት የሚያነቡትን አንድ መጽሐፍ መምረጥ። ተማሪው አንብቦ፣ አሳጥሮ ጽፎ፣ ትምህርት ሲከፈት ያስረክባል። ሌላው ወላጅ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። እኔን ግን አሳሰበኝ። ሁለት ወር ሙሉ ልጅ ከመጽሐፍ ጋር ብቻውን ሊተው ነው! መጽሐፍ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን እንደሚያወራ በምን ይታወቃል?

በዚያ ላይ የቤቴ ጉዳይ አለ። ልጄ፣ የልጅ ልጄ የሚጢጢ እናት፣ ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኝቶባት ሌላ ከተማ ሆስፒታል ገብታለች። የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ለወሩ አሥራ ስምንት ነው። ሚጢጢ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ወሬ አልደረሰችም። ስለዚህ «እናትሽ የንብረት አያያዝ ስልጠና ሄዳለች» አልኳት።

«ስንት ጊዜ ነው ስልጠናው?» አለችኝ።

«ንብረቱ ብዙ ነው» አልኳት።

«እሺ እማማ» አለች። ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። በሥርዓት ያደገ ልጅ እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋና ሥራዬ በሽታ የሚባል ነገር በጆሮዋም በዓይኗም እንዳይገባ መጠበቅ ሆነ። ሬዲዮ ስለ ጤና ሲያወራ አጠፋዋለሁ። ጎረቤት ሲያስል መስኮት እዘጋለሁ። ልጄ ስትደውል መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ ነው የማናግራት። ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ውኃ እያፈሰስኩ፣ ትምህርት ቤቱ ያላነበብኩትን መጽሐፍ እጇ ላይ ሊያስቀምጥ? በወላጆች ስብሰባ ላይ «ተወካይ መሆን የሚፈልግ?» ሲባል እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ።

ስብሰባው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተካሄደ። ዳይሬክተሩ ሰብሳቢ፣ ሠፈር ውስጥ ፋርማሲ ያለው አንድ አባት የጤና አማካሪ፣ የስፖርት አስተማሪው ደግሞ የአካል ደኅንነት ተጠሪ ሆኑ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ድምፅ የሌላት ጸሐፊ ተባለች፤ መጻሕፍቱን ስላነበበቻቸው ገለልተኛ ልትሆን አትችልም።

ይህች ሴት ስድስት መጻሕፍት ደረደረችልን። አምስቱ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ውድቅ ተደረጉ። የመጀመሪያው ሽፋኑ ላይ ፈረስ አለበት፤ ልጆች ለመጋለብ ያምራቸዋል። ሁለተኛው በሚዛን ሲታይ የልጅ ወገብ ያጎብጣል። አንደኛው ደግሞ በጣም ያስቃል አለችን፤ ፋርማሲስቱ ልጅ እየበላ ሲስቅ ትን እንደሚለው በሙያው አስረዳን። ስድስተኛው ግን መጋዘን ውስጥ አርባ ቅጂ ስለተገኘ በይዘቱ ብልጫ ተመረጠ።

«ስለ ምንድን ነው?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ከተመረጠ በኋላ።

«ወንድሟ በጠና ስለታመመባት ልጅ ነው» አለች ሠራተኛዋ። «ሐኪም ልትጠራ ሐይቁን በጀልባ ትሻገራለች።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «በጠና?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ብቻዋን ነው የምትሻገረው?»

«ብቻዋን ነው።»

«ቁርስ በልታለች?»

«ቁርስ አልተጠቀሰም።»

«እንዴት አይጠቀስም! ሹራብስ?»

«ሹራብም አልተጠቀሰም» አለች። እኔም መጽሐፉ ይውደቅ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አርባ ቅጂ ከየት ይመጣል ተባለ። ነገሩ ተካሮ ሳለ ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «መጽሐፍ ማለት እኮ እንደ መድኃኒት ነው» አለ። «ጎጂው ነገር ከወጣለት የቀረው ይወሰዳል።»

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። «እንግዲህ መጽሐፉን አንጥልም። እናጸዳዋለን!» አለ። አጨበጨብን። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቅጂና ቀይ እርሳስ ተሰጠን፤ የአንድ ሳምንት ጊዜም ተፈቀደልን።

እኔ እያንዳንዱን ምዕራፍ እስከ አደጋው ድረስ በጥንቃቄ አነበብኩ። አደጋ ከታየ በኋላ ማንበብ ራስን ማጋለጥ ስለሆነ ወደ ሚቀጥለው አለፍኩ። ልጅቷ ለአያቷ ሳትናገር ከቤት ትወጣለች፤ አስወገድኩት። በዝናብ ትበሰብሳለች፤ አስወገድኩት። ጀልባውን ከነመቅዘፊያው፣ ማዕበሉን ከነንፋሱ አስወገድኩ። ፋርማሲስቱ ትኩሳቱን በሙሉ አወጣ፤ ምክንያቱም ጎረቤት ለታማሚው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ሰጥታዋለች። የስፖርት አስተማሪው ብዙም አልጠየቀም። ልጅቷ ሰውነቷን ሳታፍታታ የምትቀዝፍበትን እኔ አውጥቼለት ስለነበር፣ አንድ ስፖርት አስተማሪ ጭቃ ላይ የሚወድቅበትን ብቻ ለሙያው ክብር ሲባል ወሰደ።

ዳይሬክተሩ በበኩሉ ልጅ አዋቂን «ለምን?» ብላ የጠየቀችበትን ገጽ ሁሉ ሰበሰበ፤ ብዙ ነበር። በመጨረሻም የመጨረሻውን ገጽ አነሣ።

«እዚህ ላይ ምን ችግር አለ?» አለች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ። ድምፅ እንደሌላት ረስታ ነው።

«መጨረሻውን ለተማሪው መንገር የተማሪውን የማሰብ አቅም ይገድባል» አለ። እኛም ጻፍነው።

በማግስቱ አምስታችን ማስመሪያና ምላጭ ይዘን አርባውን ቅጂ ስንቆርጥ ዋልን። አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ወረቀት ሁለት ፊት አለው፤ ጥፋተኛው ገጽ ሲቆረጥ ጀርባው ላይ ያለው ንጹሕ ገጽም አብሮት ይሄዳል። ዳይሬክተሩ ንጹሑ ገጽ ከማን ጋር እንደዋለ ሊያስብበት ይገባ ነበር ብሎ ገላገለን።

መቶ አሥራ ሁለት ገጽ የነበረው መጽሐፍ አሥራ ስምንት ገጽ ሆነ። መቅድሙ አለ። ምስጋናው አለ። ማውጫው ሙሉ በሙሉ ተርፏል። ሐይቁም አለ፤ ያለ ጀልባ፣ ያለ ሰው፣ ጸጥ ብሎ።

«ታዲያ ምኑን አሳጥረው ይጻፉ?» አለች ሠራተኛዋ።

«አሳጥረን ሰጠናቸው እኮ» አለ ዳይሬክተሩ። «ሸክም ነው ያቃለልንላቸው።»

የተቆረጠው ወረቀት ግን ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። ንብረት ነውና ለማቃጠል የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንጣለው ቢባል ሰው አንሥቶ ያነበዋል። በመጨረሻ እያንዳንዱ አባል ያስወገደውን ገጽ በፊርማ ተረክቦ ቤቱ እንዲጠብቅ ተወሰነ። እኔም የእኔን ድርሻ በሁለት ፌስታል አሥሬ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ወንበር ላይ ቆሜ ነው የሰቀልኩት። ሚጢጢ ካምና ጀምራ በአንድ ራስ እንደምትበልጠኝ በጊዜው ግምት ውስጥ አልገባም።

ትምህርት በተዘጋ ዕለት ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያ «ከአደጋ ነጻ የሆነውን ንባብ» አበሠረ። ሚጢጢ መጽሐፏን ይዛ መጣች። ሻይ እስኪፈላ አንብባ ጨረሰችው።

«ደስ አለሽ?» አልኳት።

«ማውጫው ልብ ይሰቅላል» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የፋርማሲስቱ፣ የስፖርት አስተማሪውና የዳይሬክተሩ ልጆች ለጥናት እኛ ቤት ይመላለሱ ጀመር። በሩን ዘግተው ድምፃቸው አይሰማም። መርፌና ክር ሲጠይቁኝ የእጅ ሥራም ጨመሩ ብዬ ኮራሁ።

እኔ ግን ሰላም ያጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ ፋርማሲ ሄድኩ። ሰውየው ወረቀት ማባከን የማይወድ ሰው ነውና ክኒኑን በገጽ ሃምሳ አንድ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው ዓይኔ ዐረፈበት። «የልጁ ትንፋሽ ቆረጥ ቆረጥ ይል ጀመር። ሐኪሙም ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ቆየና ቀና ብሎ» ይላል። ገልብጬ ጀርባውን ባየው ሐኪሙ ቀና ብሎ የተናገረው ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ቀሪው ቀጣዩ ወረቀት ላይ ነው።

በማግስቱ ሄጄ ጥጥ ገዛሁ። ገጽ ሠላሳ ሦስት ደረሰኝ፤ ልጁ ገና ጤነኛ ነው፣ ኳስ ይጫወታል። የሳል ሽሮፕ ገዛሁ፤ እንደገና ሠላሳ ሦስት። የእግር ቅባት፣ የሕፃን ዱቄት፣ የማላውቀው ቫይታሚን።

«እማማ፣ አመምዎት እንዴ?» አለኝ ፋርማሲስቱ።

«ደኅና ነኝ። ብቻ ልጄ፣ በሃምሳ ሦስት አትጠቀልልልኝም?»

«ምንድን ነው ሃምሳ ሦስት?»

አንድ ኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥን ሰዎች ነን፤ ገጹ ጠፋው!

ሞኝነት ነው ትሉኝ ይሆናል። አሥራ ስምንት እየቀረበ ነው። ልጄ በስልክ «አትጨነቂ» ባለች ቁጥር ድምፅዋ የሰለለ ይመስለኛል። በልቤ ውስጥ ያ የሐይቁ ልጅና የእኔ ልጅ አንድ አልጋ ላይ ተኙ። እሱ ከዳነ እሷም ትድናለች አልኩ። ካልዳነስ? ይህን ማወቅ አለብኝ። በስተርጅና ባገኘሁት ሥልጣን ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ።

«የመጨረሻዋን ወረቀት ለአንድ አፍታ ቢያሳዩኝ።»

«ለምን ጉዳይ፣ እማማ?»

«ለ… ማጣራት።»

«ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስናል።»

«መቼ?»

«ትምህርት ሲከፈት።»

«እርስዎ ያውቁታል አይደል? ልጁ ዳነ? ይህችን ብቻ ይንገሩኝ፣ በሞቴ።»

ዳይሬክተሩ ተከፋ። «እኔ አላነበብኩትም። መጨረሻን የምቃወመው በመርህ ደረጃ ነው።»

ዝናብ እያካፋብኝ ቤቴ ገባሁ። እነዚያ ልጆች ሄደው ኖሮ ሚጢጢ አልጋዋ ላይ ብቻዋን ናት። ጭኗ ላይ መጽሐፍ ተዘርግቷል። አሥራ ስምንት ገጽ አይደለም፤ የእኔው ክር ወገቡን የሰፋው ወፍራም መጽሐፍ ነው። የእኔ ጀልባ አለ፣ የስፖርት አስተማሪው ጭቃ አለ፣ ትኩሳቱ አለ። በከተማው ውስጥ ሙሉ መጽሐፍ የተገኘው በኮሚቴው አባላት ልጆች እጅ ብቻ ነው።

መቆጣት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወንድሟ ዳነ?»

ሚጢጢ ቀና ብላ አየችኝ። ገጹን በጣቷ ያዘችና መጽሐፉን ዘጋችው።

«ድኗል» አለች። «እማዬም ድናለች።»

«የምን… የቷ እማዬ?»

«የእኔዋ። የአንቺ ልጅ። እጢው ወጥቷል፣ ክፉ ዓይነት አይደለም ተብሏል። ቀዶ ጥገናው ካለፈ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «አይደለም። ቀጠሮው እኮ ለአሥራ ስምንት ነው!»

«ላንቺ ነው ለአሥራ ስምንት» አለች። «ለእማዬ ለአምስት ነበር። ከመሄዷ በፊት ነግራኛለች። በየቀኑ በፋርማሲስቱ ልጅ ስልክ እናወራለን። ትናንት ሾርባ ጠጥታለች።»

አለቀስኩ። ሳቅሁ። አንገቷን አንቄ ሳምኳት። እንባዬን ጠርጌ ሳበቃ ግን ደሜ ፈላ። ልጅ የወለድኩ፣ የልጅ ልጅ ያሳደግሁ፣ በሕዝብ የተመረጥኩ ሴት! እኔ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ላለፈ ነገር ቧንቧ ከፍቼ ስጨነቅ!

«እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ የምትደብቁኝ?» ብዬ ጮህኩ። «የገዛ ልጄን በሽታ! የማውቀውንና የማላውቀውን የሚመርጥልኝ ማን ነው?»

«ግፊትሽ እንዳይጨምር ብለን ነው።»

«ማን ነው የወሰነው?»

«ኮሚቴ» አለች ሚጢጢ።

«የምን ኮሚቴ?»

«እኔና እማዬ። በሙሉ ድምፅ።»