ሬዲዮውና ሦስቱ ቁልፎች

ክፉ ቀን ስልክ ደውሎ አይመጣም። እናንተ ሰፈር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ አሰላዎቹ ግን ለክፉ ቀን የገዛነውን ሁሉ እንቆልፍበታለን። የእድራችን መመሪያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው። ድንኳኑ ተቆልፏል፣ ብረት ድስቱ ተቆልፏል፣ ሬዲዮውም እንደዚያው።

የመገናኛ ሬዲዮውን ያስገዛሁት እኔ ነኝ። እህቴ ከጭላሎ ተራራ ወዲያ ጎበሳ ላይ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ኔትወርክ እየጠፋ፣ እንቅልፍ ከየት ይምጣ? እድሩም ለለቅሶ ዘመድ መጥራት አቅቶት ስለነበር ሐሳቤን ተቀበለ። ኮሚቴው ግን በእጅ የሚያዘውን ትንሹን ወደደ፤ ኪስ ይገባላ! «እሱ እኮ ጭላሎ ሲጋረጥበት ያበቃለታል! በአርባ ሜትሩ ሞገድ፣ ሽቦው ዝቅ ብሎ ከተወጠረ፣ ድምፃችን ወደ ሰማይ ወጥቶ ከተራራው ወዲያ ይወርዳል» ብዬ ወር ሙሉ ለፈለፍኩ። ተረቱልኝ። የእህቴ ባልም የራሱን ገዛ፤ ለሁለታችንም ፈቃድ ወጣ። «ውድ ዕቃ ነው፤ በሦስት ሰው እጅ፣ በሦስት ቁልፍ ይቆለፍ» ያልኩትም፣ አፌን በቆረጠው፣ እኔው ነኝ።

ባለፈው ክረምት ኔትወርክ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እህቴ ቀኗ ደርሷል። ባሏ ባትሪ እንዳያልቅበት ሬዲዮውን የሚከፍተው እኩለ ቀን ላይ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው። አምስት ተኩል ላይ የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ቆሜ ሦስቱን ጓጉንቸሮች ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ባለቁልፎቹን የምንጠራቸው በስልክ ነው! ሊቀመንበሩ ቤት ሮጥኩ፤ የሉም። ገንዘብ ያዡ ሱቅ ሮጥኩ፤ ዝግ ነው። ሦስተኛው ባለቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ያኔ ጋሽ ቱሉ ትዝ አሉኝ፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ይንፉልኝ!»

«ማን ሞተ?»

«ማንም! ባለቁልፎቹ እንዲመጡ ነው።»

«ሰው ሳይሞትማ አልነፋም።»

«እሺ፣ ኔትወርክ ሞቷል!»

ጥሩምባቸውን አነሡ። «እሱስ እውነት ነው» አሉና ነፉት።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ባለቁልፎቹ ሦስቱም እያለከለኩ ደረሱ። ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተከፈተ። ሬዲዮው ተንሿሿ፣ ተንጫጫ፣ ከዚያ የእህቴ ባል ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፦ «ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

ለለቅሶ የመጡት እናቶች እልልታውን አቀለጡት። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ጥሩምባ ተነፍቶ አንድ ሰውማ ማልቀስ አለበት።

በወሩ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ጋሽ ቱሉን አስነስተው አስጨበጨቡላቸው። ጥሩምባው ከሬዲዮው የማያንስ የአደጋ ጊዜ ዕቃ እንደሆነም ሁሉም አመነ። ስለዚህ በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ፦ ጥሩምባው እንዳይጠፋ፣ ከሬዲዮው ጋር ይቆለፍበት።