ብርዙን የለካሁ ቀን

ሰው የሚፈራው ነገር ይለያያል መቼም። እባብ የሚፈራ አለ፤ ውሻ የሚፈራ አለ፤ ከሚሴ ላይ ደግሞ ከኋላው የሚመጣ ባጃጅ የማይፈራ የለም። እኔ ብርዝ እፈራለሁ። አዎ፣ ብርዝ፤ ማርና ውሃ። ሳቁ፤ ባለቤቴም ትስቃለች። ግን ዛሬም ሠርግ ቤት ጆግ ይዞ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሳይ ብርጭቆዬን በመዳፌ እከድናለሁ። እስቲ ላጫውታችሁና ከዚያ በኋላ ብትስቁ አልቀየምም።

ብርዝ በእኛ አገር የሠርግ ጌጥ ነው። ሙስሊም ነንና ጠጅ እንደሁ አንነካ፤ እንግዳ ታዲያ በምን ይከበር? ማሩ በውሃ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል፣ ይጠጣል። በዚያው ቀን ከተጠጣ ማንም ምንም አይልም። ካደረ ትንሽ ይነቃል። ከሰነበተስ? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርግና ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። የእኛ የጨፋ ሸለቆ ሙቀት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጌሾ ባታስገቡበትም ማርና ሙቀት አብረው ከሰነበቱ የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። መቼ ነው ብርዝነቱን ትቶ ጠጅ የሚሆነው? ይህን የሚጠይቅ የለም። የጠየቀ ሰው እኮ ያን ሁሉ ማር ማፍሰስ ሊኖርበት ነው!

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ያኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሃይድሮሜትር የሚባል ዕቃ ነበረው። የብርጭቆ ዘንግ ነው፤ ታቹ ሆዳም፣ ሆዱ ውስጥ እርሳስ ብረት የታጨቀበት፣ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት። ስኳር የበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ስትከቱት አንገቱን አስግጎ ይንሳፈፋል። ስኳሩ ሲያንስ ይሰምጣል። ወይንና ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች በዚሁ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ፣ ገና እንደተበጠበጠ ይለካሉ። ከዚያ እየሰነበተ ዘንጉ ዝቅ ዝቅ ሲል ስኳሩ ወደ አልኮል እየተለወጠ መሆኑን ያውቃሉ። የመጀመሪያው ልኬት ከሌለ ግን ዘንጉ የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እኔን ልትገድለኝ የነበረችው እሷ ናት።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ ለአህመድ አጫወትኩት። አህመድ ሚዜዬ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ለእሱ መንገር በድምፅ ማጉያ ከመናገር አይለይም። ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር፣ ጓደኛዬ ሐራሙን ከሐላሉ የሚለይ ብርጭቆ አለው እያለ ያወራ ጀመር። ወሬው ሸለቆውን ይዞ ወርዶ ጨፋ ሮቢት ገባ። ሮቢት ላይ ደግሞ ማን አሉ? ሼህ እንድሪስ፤ የሐያት አባት። ሐያት ማለት ያኔ እጮኛዬ፣ አሁን እዚያ ጥግ ሆና የምትስቅብኝ።

ሼህ እንድሪስ ጥርጣሬ ያለበትን ነገር ከሩቁ የሚሸሹ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት አንድ ዘመዳቸው ቤት ሠርግ ላይ የተከበሩ ሽማግሌዎች ብርዝ ጠጥተው ሲወጡ ጫማቸውን ተቀያይረው ሄደዋል። አንዱማ ሁለቱንም ግራ አድርጎ ነው ቤቱ የደረሰ። ሼሁን ይህ ነገር አንገበገባቸው። ስለዚህ መልእክት ላኩብኝ፤ ለኒካህ፣ ለጋብቻው ውል ስትመጣ ያን ዕቃህን ይዘህ ና፣ ቤቴ የሚቀርበው ብርዝ በሽማግሌ ፊት ይለካ፣ ልጄን የምሰጥህ ከዚያ በኋላ ነው አሉ። የአማትን ድግስ መቅመስ እንጂ መመርመር የት አገር አለ? ግን እምቢ ማለትስ ይቻላል? አይቻልም።

በዚህ ላይ ሠርጉ ደርሶ ብርዙ ከተበጠበጠ በኋላ የሼሁ ጎረቤት ሞቱ። ሐዘን ነውና ሠርጉ ተገፋ። ብርዙን ግን ማን ይግፋው? ትልቁ ጋን ውስጥ እንደተከደነ፣ በዚያ ሙቀት፣ ለቅሶ ተቀምጦ ሰነበተ።

ቀኑ ደረሰና ሄድን። ዳሱ ሞልቷል። እኔ አዲስ ሱፍ ለብሻለሁ፤ ዘንጉ በጨርቅ ተጠቅልሎ የደረት ኪሴ ውስጥ አለ። እንዳይሰበር ስለፈራሁ አንድም ሰው በደንብ አላቀፍኩም። የሙሽራው ኩራት ነው ተባለ። ሼሁ አጠገባቸው አስቀመጡኝና አሠራሩን ጠየቁኝ። ሲንሳፈፍ ስኳር፣ ሲሰምጥ የስኳር እጦት ብዬ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ዘንጉን ሳወጣ የሐያት አጎት ጠጋ ብለው፣ “ኩን ማሊ?” አሉ፤ በኦሮምኛ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። “የሐኪም ቤቱ አይደለም እንዴ? ብርዙ ትኩሳት አለው?” ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቅነው ሼሁና እኔ ነን።

ረጅም ብርጭቆ ቀረበ። ብርዙ ተቀዳ። ቢስሚላህ ብዬ ዘንጉን ለቀቅኩት።

ሰመጠ። ትንሽ ብቅ ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለም። ንጹህ ውሃ ውስጥ የሚቆምበት ምልክት አጠገብ ሄዶ ተተከለ።

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። ዘንጉ የሰመጠው ከሁለት ነገር በአንዱ ነው። ወይ ከመጀመሪያው ማሩ ትንሽ ነበር፤ ወይ ማሩ ብዙ ሆኖ ወደ አልኮል ተለውጧል። የመጀመሪያውን ብል የሐያትን እናት ቋጣሪ አልኳቸው። ሁለተኛውን ብል ሼሁን ጠጅ ጣይ አልኳቸው። ዝም ብልስ? ያ ሁሉ ሰው ይጠጣና ኃጢአቱ በእኔ አንገት ይሆናል። ኒካሁ ገና አልታሰረም። ከመጋረጃው ጀርባ የሐያት ጓደኞች ይንሾካሾካሉ። “እህሳ፣ መምህር?” አሉ ሼሁ።

ሰው ሲፈራ የሚያውቀውን ይቀባጥራል። እኔም የመጀመሪያው ልኬት ነው የጎደለኝ ብዬ ሳስብ ቃሉ ከአፌ አመለጠኝ።

“ማሩ... ምን ያህል ነበር?” አልኩ።

ዳሱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሙሽራ፣ በሠርጉ ቀን፣ በአማቱ ቤት፣ ማሩ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ! አህመድ አንገቱን ደፋ። ከጓዳ በኩል አማቴ ወይዘሮ ከዲጃ ጣሳ እንደያዙ ብቅ አሉ።

“ምን አልክ አንተ ልጅ?”

“ኧረ ምንም፣ እማማ...”

“እኔ ከዲጃ ማር የምቆጥብ ነኝ? ወላሂ ሙሉ ቆርቆሮ ነው የገለበጥኩበት!”

እኔ ዓይኔን ዘንጉ ላይ ተክያለሁ። ሙሉ ቆርቆሮ? እንደዚያ ከሆነማ አለቀልን። ያ ሁሉ ማር የት ገባ?

“ብቻውን መሰለህ? ሁለተኛውንም ደግሜበታለሁ!” አሉ።

ጎረቤቶቻቸውም ተነሱ። አንዷ ወላሂ እኔ ነኝ ያጠለልኩት፣ ከወፍራምነቱ የተነሳ ጨርቁ አላሳልፍ ብሏል አለች። ሌላዋ የተረፈውን የልጆቹንም ማር ጨምረውበታል ብላ መሰከረች። ሴትየዋ ክብራቸውን ለማዳን አንድ ጣሳ ማር በጨመሩ ቁጥር ብርዙ በዓይኔ ፊት ጠጅ እየሆነ ይሄዳል። ይበቃል እማማ፣ እባክዎ አይማሉ ልላቸው ፈለግኩ።

ያን ጊዜ ሼሁን አየኋቸው። ዘንጉን ያያሉ፣ ሚስታቸውን ያያሉ፣ መልሰው ዘንጉን ያያሉ። አሠራሩን አስረድቻቸዋለሁ እኮ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ገባቸው።

ቀስ ብለው ተነሱ።

“ከዲጃ እውነቷን ነው” አሉ። “እሷ ማሩን አልቆጠበችም። ለእንግዳ እንዲበቃ ብዬ ሳታየኝ ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። የቀጠነ ብርዝ ለሰው አይቀርብም። አፍስሱት! ለስላሳ ይምጣ።”

ያን ቀን የሰማሁትን ሳቅ አልረሳውም። ሼህ እንድሪስ የልጃቸውን ሠርግ ብርዝ በውሃ አቀጠኑ! አማቴ አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ ውሃ የሚባል እንዳልተጨመረ ያውቃሉና። ሰውዬው ጠጅ ጣይ ከሚባሉ ስስታም መባልን መረጡ። እዚያው የእንግዳው ሳቅ ሳያባራ ኒካሁ ታሰረ። ተቀበልኩ ስል ድምፄ እንደ ፍየል ጠቦት ተንቀጠቀጠ።

በኋላ ሼሁ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ብርዙ የተደፋበት አፈር ገና እርጥብ ነው። ውሸቴን አላህ ይቅር ይበለኝ ብለው ጀመሩ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

“እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ጠጅ ነበር?”

“ይመስለኛል፣ አባባ” አልኩ።

“ዕቃህ ያለፈውንም ይለካል?”

“የቱን ያለፈውን?”

እያቃታቸው ነገሩኝ። በየዓመቱ ለመውሊድ፣ ለነቢዩ ልደት በዓል፣ ሰው ቤታቸው ይሰበሰባል። እንግዳው ከሩቅ ስለሚመጣ ብርዙ ቀደም ብሎ ይበጠበጣል፤ ይሰነብታል። ድቤው ሲመታ፣ መንዙማው ሲጀመር፣ አንድ ደስታ ይመጣባቸዋል። ሰውነታቸው ይቀልላል፤ እንባቸው ይፈሳል። ለስንት ዘመን ይህን ደስታ ስለሰጠኸኝ እያሉ አላህን ሲያመሰግኑ ኖረዋል። አሁን ግን...

“ያ ደስታ ከአላህ ነበር ወይስ ከጋኑ?” አሉ።

እስከዚያች ሰዓት ፈሪው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ የፈራ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። አይለካም አባባ፣ ያለፈውን አይለካም አልኳቸው። እሱ ማጽናኛ አልሆናቸውም። የሚመጣውን መውሊድ በለስላሳ እናየዋለን አሉኝ፤ አንተም አጠገቤ ትቀመጣለህ።

መውሊድ እስኪደርስ እኔ ከሳሁ። ደስታው ባይመጣስ? የአንድን ሽማግሌ የዕድሜ ልክ ደስታ በብርጭቆ ዘንግ የነጠቅኩ ሰው ልሆን ነው። ሐያትን እንዴት አድርጌ አያታለሁ?

ቀኑ መጣ። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ሰው ተሰበሰበ። ለስላሳው ተከፈተ። ሼሁ አንዱን ጠርሙስ እስከ ታቹ ጠጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድቤው ተመታ። አንደኛው መንዙማ አለቀ፤ ሼሁ ፊታቸው ድርቅ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ተጀመረ። አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። እኔ ጠርሙሱን አየሁ። ሌላው ሰው ያጨበጭባል፣ ይወዛወዛል፤ እኛ ሁለታችን ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ደርቀን ተቀምጠናል። ያረቢ፣ ያረቢ እላለሁ በልቤ። ሁለተኛውም አለቀ። ሦስተኛው ገባ፤ ከመሃል ላይ የሼሁ ትከሻ ንቅንቅ አለ። ከዚያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ኮለል ብሎ ወረደ።

እጄን አፈፍ አድርገው ይዘው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

“መጣ!” አሉኝ።

“አልሐምዱሊላህ” አልኩ፤ እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ የእፎይታ ነው።

“መጣ” አሉ ደግመው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ማንም እንዳይሰማቸው ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና፣

“ብቻ ዘንድሮ ትንሽ ዘገየ” አሉኝ።